ዳርትሙር መሃል ሥራ አግኝቻለሁ፤ መኪና የሌለው ሰው እዚያ መኖር ይችላል?

ማለዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በርሚንግሃም የምኖር የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ሰሞኑን በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን፣ ዳርትሙር በሚባለው ደጋ መሃል ባለ አንድ ሆቴል የወጥ ቤት ሥራ ቀርቦልኛል። ሆቴሉ ፖስትብሪጅ ከተባለች መንደር አጠገብ ነው። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ብዙም አይሻልም፤ ያጓጓኝ ቤቱ ነው። ከሥራው ጋር ሁለት መኝታ ያለው የድንጋይ ቤት ይሰጡኛል። ኪራይ ከደመወዝ ላይ ስንት እንደሚነጥቅ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ፎቶግራፎቹን ሳይ ግን ሆዴ ይባባል። ዛፍ የለ፣ አጥር የለ፣ ሰው የለ። ቡናማ ሣር፣ ኮረብታ አናት ላይ የተቆለለ ድንጋይ፣ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች፣ በቃ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መኪና የለኝም። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤት መዋል የማይወድ፣ እንስሳ ካየ ተከትሎ የሚሄድ ዓይነት ልጅ። እዚያ የኖረ ወይም የሠራ ካለ እውነቱን ንገሩኝ። ክረምቱ እንዴት ነው? ያለ መኪና ይገፋል? እንዲህ ባለ ባዶ ምድር ልጅ ይዞ መኖርስ ጤና ነው?

ደርሶ_መልስ

እህቴ፣ ተዪው። እኔ ፕሪንስታውን አንድ ክረምት ሠርቻለሁ፤ ከፖስትብሪጅ በመኪና ቅርብ ነው። መንደሩ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ ከአትላንቲክ የሚመጣውን ደመና ሁሉ በደረቱ ይቀበላል። በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድበታል። ደግሞ ዝናቡ ወርዶ አይገላግልም። ጠዋት ካፊያ፣ ቀትር ካፊያ፣ ማታ ጉም። ዲሴምበር ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት ካልበራ የራስሽን እጅ አታዪም።

መንደሩ መሃል ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? እስር ቤት። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ለተማረኩ ፈረንሳውያን ከ1806 ጀምሮ የተገነባ፣ በ1809 ምርኮኞቹን የተቀበለ የግራናይት እስር ቤት። ኋላ አሜሪካውያን ተጨመሩበት። በ1815 ጦርነቱ አልቆ ወደ አገራቸው መሸኛ ሲጠባበቁ ጠባቂዎቹ ተኩሰው ሰባቱን ገደሉ። የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን የገነቡትም እነዚሁ ምርኮኞች ናቸው። እንግሊዞች «ከዚህ ማንም አያመልጥም» ብለው የመረጡትን ቦታ አንቺ በፈቃድሽ ልትገቢበት ነው?

ሾፌሩ

ደርሶ መልስ ስለ ዝናቡ የተናገረው እውነት ነው፤ አንድ ጠብታ አልጨመረበትም። ስለ ምድሩ ግን ከመኝታ ቤት መስኮት ያየውን ነው የነገረሽ።

እኔ በዚያ ምድር ለእርሻዎችና ለሆቴሎች ዕቃ የማደርስ ሰው ነኝ። ቢ 3212 የሚባለውን መንገድ ከየልቨርተን እስከ ሞርተንሃምስቴድ ከነጉድጓዱ አውቀዋለሁ፤ ፖስትብሪጅም በዚሁ መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ ልንገርሽ።

እህቴ፣ «ባዶ ምድር» ብለሻል፤ «ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች» ብለሻል። ከዚህ እንነሳ፤ ይህ ከተስተካከለ ሌላው ይቀላል። ዳርትሙር ላይ ባለቤት የሌለው ነገር የለም። ከመሬቱ ትልቁ ድርሻ የኮርንዋል መስፍን ርስት ነው፤ ዛሬ ላይ ልዑል ዊሊያም ማለት ነው። ሣሩ ደግሞ ሌላ ባለመብት አለው። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በወል መሬቱ ላይ ከብት የማሰማራት መብት አላቸው፤ መብቱ ከእርሻቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን ያህል በግ፣ ይህን ያህል ከብት ተብሎ በመዝገብ ሰፍሯል። ፈረሶቹም የእነርሱ ናቸው። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ጆሯቸው ወይም ቆዳቸው ላይ የባለቤት ምልክት አለ። ክረምት ሳይገባ ገበሬዎቹ ወጥተው ከየኮረብታው እየነዱ ይሰበስቧቸዋል፤ የማን የማን እንደሆነ ይለያሉ፤ ውርንጭላውን ጡት ያስጥላሉ፤ የሚሸጠው ይሸጣል፤ የቀረው ተመልሶ ይለቀቃል። መንዝ ጓሳን የምታውቂ ከሆነ ነገሩ አይገርምሽም፤ ሣሩ የወል ነው ማለት ሕግ የለውም ማለት አይደለም።

አጥር የለም ያልሽው በከፊል ልክ ነው፤ ከፍ ባለው ክፍል የለም። በጎቹ ግን አጥር አይፈልጉም። እናት በግ ሰፈሯን ታውቃለች፤ ከየትኛው ጅረት እስከ የትኛው ድንጋይ እንደምትግጥ ታውቃለች። ግልገሏ ከሥሯ ሆና ትማራለች፤ አድጋ ለራሷ ግልገል ታስተምራለች። በ2001 የአፍና የእግር በሽታ ገብቶ መንጋ በሙሉ ሲታረድ የከበደው ኪሳራ ይህ ነበር። በካሣው ገንዘብ አዲስ በግ ይገዛል፤ ሰፈሩን የሚያውቅ በግ ግን በየትም ገበያ አይሸጥም። አዲሶቹን በየቀኑ እየመለሱ ማስለመድ የዓመታት ሥራ ነው።

አሁን ወደ መኪናው። ያለ መኪና አይሆንም። ይሆናል የሚልሽ ካለ በጋ ላይ ለሽርሽር የመጣ ሰው ነው። አውቶቡስ አለ ለማለት ያህል አለ፤ በክረምትና በእሑድ ግን አትቁጠሪው። ወደ ፕሪንስታውን ይወጣ የነበረው ባቡርም በ1956 ተዘግቷል፤ ሐዲዱ የተነሳበት ጥርጊያ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው። ፖስትብሪጅ ላይ ትንሽ ሱቅ አለች፤ ወተትና ዳቦ ታገኚባታለሽ። የሳምንት ቀለብ ግን ታቪስቶክ ከተማ ወርዶ ማምጣት ነው።

መኪና ስትገዢ ደግሞ ቀስ ብለሽ መንዳት ተማሪ። አጥር በሌለው ምድር የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 40 ማይል ነው፤ በጉም ጊዜ እርሱም ይበዛል። ክረምት ማታ መንገዱ እንዳይንሸራተት ጨው ይበተንበታል። ፈረሶቹ ጨው ይወዳሉ። አንገታቸውን ደፍተው አስፋልቱን ሲልሱ ዓይናቸው ለመኪና መብራት አያበራም፤ በጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የምታዪው አራት ጥቁር እግር ነው፤ እርሱም በጣም ከቀረብሽ በኋላ። ልጅሽ እንስሳ ይወዳል ብለሻልና አሁኑኑ ንገሪው፤ ለፈረሶቹ ምንም መስጠት ክልክል ነው። ከሰው እጅ የለመደ ፈረስ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መንገድ ይወጣል፤ መጨረሻውም መንገድ ላይ ይሆናል።

የሰው ነገር? ሰው አለ። ተራርቆ ስለሚኖር አይታይም እንጂ በረዶ በጣለ ማግሥት በትራክተር መጥቶ በርሽን የሚያንኳኳው ጎረቤት ቤቱ ከአንቺ ቤት አይታይ ይሆናል።

እግረኛው

እኔ ነዋሪ አይደለሁም፤ ግን በየዓመቱ እሄዳለሁ። ማለዳ፣ ሂጂ! ኦገስት ላይ ከአስታ ወገን የሆነው ሐምራዊ አበባና ቢጫው እሾሃማ ጎርስ አብረው ሲያብቡ ብታዪ ደርሶ መልስን ትረሺዋለሽ። ፖስትብሪጅ ላይ ያለው አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ብቻውን መንገዱን ያስረሳል። በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ነው፤ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ እያንዳንዳቸው ከ8 ቶን በላይ የሚመዝኑ ጠፍጣፋ ግራናይቶች በድንጋይ ምሰሶ ላይ ተጋድመዋል፤ ያለ ሲሚንቶ። ያኔ ምድሩ የቆርቆሮ ማዕድን አገር ነበር፤ የጭነት ፈረሶች ይሻገሩበት ነበር።

ከዚያ በሞርተንሃምስቴድ መንገድ ጥቂት ከፍ ስትዪ ዋረን ሃውስ የሚባል ብቸኛ የመንገድ ዳር መጠጥ ቤት አለ። ምድጃው ከ1845 ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም ይላሉ። በ1963ቱ ትልቅ በረዶ ከዓለም ተቆርጦ ስንቅ በሄሊኮፕተር ነበር የሚደርሰው። ከእርሱ በላይ ደግሞ ግሪምስፓውንድ አለ፤ ከ3000 ዓመት በላይ የሆነው የነሐስ ዘመን መንደር፤ 24 ክብ ቤቶች መሠረታቸው እስከ ዛሬ ይታያል፤ ዙሪያውን ወፍራም የድንጋይ ካብ ከቦታል።

ለልጁ ደግሞ ትልቅ ዜና፤ ዳርትሙር ላይ ያለ ማንም ፈቃድ በፈለጋችሁበት ድንኳን ተክላችሁ ማደር ትችላላችሁ። አንድ ባለርስት ይህን ለማስቀረት ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ በ2025 የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ለሕዝቡ ፈረደ!

ሾፌሩ

እግረኛው፣ ደስታህ ደስ ይላል፤ «በፈለጋችሁበት» የምትለዋን ግን አንሣት። እሷ ቃል ስንት ገበሬ አስቆጥታለች መሰለህ።

ፍርዱ እንዲህ ነው። በ1985 የወጣ የዳርትሙር የወል መሬት ሕግ አለ፤ ለሕዝብ በእግርና በፈረስ ገብቶ በአየር የመናፈስ መብት ይሰጣል። ክርክሩ ሌሊት በድንኳን ማደር በዚያ ውስጥ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ነበር። በጃንዋሪ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አይቆጠርም አለ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው፤ ሜይ 21 ቀን 2025 የመጨረሻው ፍርድ ቤት ይቆጠራል ብሎ ዘጋው። ስለዚህ መብቱ ያለው በወል መሬት ላይ ነው፤ ካብ በተካበበት የገበሬ ማሳ ውስጥ አይደለም። በወል መሬቱም ቢሆን ብሔራዊ ፓርኩ የተፈቀደውን ክፍል በካርታ አውጥቶታል፤ ከእርሱ ውጭ አይቻልም። ከመኪና መንገድ ቢያንስ 100 ሜትር መራቅ፣ በጀርባ የምትሸከመውን ትንሽ ድንኳን ብቻ መያዝ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሌሊት በላይ አለመክረም፣ እንደ ግሪምስፓውንድ ካለ ጥንታዊ ቦታ መራቅ። እሳት ጨርሶ ክልክል ነው። መኪና አቁሞ ውስጡ መተኛትም ከዚህ መብት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ይህን የምለው ደስታህን ለማበላሸት አይደለም። ማለዳ ነዋሪ ልትሆን ነው፤ ነዋሪ ደግሞ ገበሬውን በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ያገኘዋል።

ማለዳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ ሾፌሩ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለልጄ አነበብኩለት፤ የበጎቹን ነገር ሲሰማ ልሂድ ብሎ ቀን ከሌሊት እየነዘነዘኝ ነው። መኪናውን በተመለከተ እህቴ አሮጌዋን ልትሰጠኝ ተስማምታለች።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ የፕሪንስታውን እስር ቤት በሆነ ጋዝ ምክንያት ባዶውን ቀረ የሚል ዜና አነበብኩ። ይህ ነገር መኖሪያ ቤትንም ይነካል እንዴ? ሁለተኛ፣ ጭቃው ሰው ይውጣል፣ ወታደሮች ይተኩሳሉ የሚል ነገር ሰማሁ። ልጄን ብቻውን ከደጅ ማውጣት ልፍራ ወይስ አልፍራ? ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?

ባለ_ምድጃ

ስለ ቤቱ እኔ ልመልስልሽ፤ በምሥራቁ ጠርዝ በኩል በድንጋይ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው።

ጋዙ ራዶን ይባላል። ግራናይት ውስጥ ካለው ዩራኒየም የሚመነጭ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ነገር ነው። ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ዴቨንና ኮርንዋል በአገሪቱ ብዙ ራዶን ካለባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ እስር ቤቱም በ2024 እስረኞቹን ያስወጣው በዚሁ ነው። ግን አትደንግጪ፤ የሚለካና የሚስተካከል ነገር ነው። ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ መለኪያዎች በፖስታ ይላካሉ፤ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት አስቀምጠሽ ከሦስት ወር በኋላ ትመልሻቸዋለሽ። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ200 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ ነው) በላይ ከሆነ መቀነስ አለበት። ከወለሉ በታች ጉድጓድ ተቆፍሮ አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ይገጠማል፤ ወይም የቤቱ አየር ማናፈሻ ይሻሻላል። አንቺ የምታደርጊው አንድ ነገር ነው፤ ውል ከመፈረምሽ በፊት አሠሪሽን «ይህ ቤት ተለክቷል ወይ? ውጤቱን በጽሑፍ አሳዩኝ» በይ። የሚያኮርፍ አሠሪ ከሆነ እርሱም ራሱ መልስ ነው።

ማሞቂያውን ጠይቂ። በዚያ ምድር ከዋናው የጋዝ መስመር ውጭ የሆነ ቤት ብዙ ነው፤ ከደጅ በቆመ በርሜል ውስጥ በሚሞላ የማሞቂያ ዘይት ወይም በማገዶ ምድጃ ይሞቃል። ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሊትር በታች አይመጣልሽም፤ ያ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ብዙ ገንዘብ ነው። የሚከፍለው ማን ነው? በውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል «እናግዝሻለን» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ ጃንዋሪ ላይ ድምፃቸው ጠፋ። ማገዶ ስትገዢ ደግሞ የደረቀ መሆኑን እይ። ሁለቱን ግንድ አጋጪ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይነዳል፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ጢሱን ትበያለሽ።

ውኃው ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። የሚከራይ ቤት ከሆነ የአካባቢው አስተዳደር ይመረምረዋል፤ የምርመራውን ወረቀት ጠይቂ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ አንዴ ከሞቀ ሙቀቱን ይይዛል፤ አንዴ ከቀዘቀዘም እንዲሁ። ከሥራ ስትመለሺ ልብስሽ እርጥብ ነው፤ ነገም ዝናብ ነው፤ ስለዚህ ከምድጃው በላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ከሶፋ ይቀድማል።

ትምህርት ቤቱን አልጠየቅሽም እንጂ እርሱም አለ። ዕድሜው ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ የሚመደብለት ቅርቡ ትምህርት ቤት ከ3 ማይል በላይ ከራቀ አስተዳደሩ መጓጓዣ በነፃ ማቅረብ አለበት። አንቺ ዘንድ ይርቃል። ማመልከቻውን ግን ቀድመሽ አስገቢ፤ ራስሽ ርቀሽ የመረጥሽው ትምህርት ቤት ከሆነ ይህ መብት ላይሠራ ይችላል።

ሾፌሩ

ባለ ምድጃ ቤቱን ጨርሳዋለች፤ እኔ ደጁን ልያዝ።

ልጁን አውጪው። እዚያ ሄደሽ ልጅ ቤት የምትዘጊ ከሆነ ለምን ሄድሽ? ግን ብቻውን ከመውጣቱ በፊት አብራችሁ ዞራችሁ ሦስት ነገር በዓይኑ ይይ።

መጀመሪያ ቀዩን ባንዲራ። በሰሜኑ ክፍል ሠራዊቱ በእውነተኛ ጥይት የሚለማመድባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ኦክሃምፕተን፣ ሜሪቬልና ዊልስወርዚ። ተኩስ ባለበት ቀን ኮረብታዎቹ ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ማታ ከሆነ ቀይ መብራት ይበራል። ወሰኑ ቀይና ነጭ በተቀቡ እንጨቶች ይታያል። የተኩሱ ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ይወጣል፤ በኢንተርኔት ታዪዋለሽ። ተኩስ በሌለ ቀን ሰው እንደልቡ ያልፋል፤ የደቡብ እንግሊዝ ከፍተኛው ቦታ ሃይ ዊልሄይስ፣ 621 ሜትር፣ እዚያው ውስጥ ነው። ልጁ ሊይዘው የሚገባ ሕግ፦ መሬት ላይ ብረት ካየህ አትንካ፤ ሳይፈነዳ የቀረ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ማጡን። ሰው ይውጣል የሚባለው ተጋንኗል፤ እስከ ጭን ግን ይይዛል፤ ብቻውን የሆነ ልጅ ደግሞ እስከ ጭን በቀዝቃዛ ውኃ ከተያዘ ቀልድ አይደለም። ከፕሪንስታውን በስተ ደቡብ ፎክስ ቶር ማየርስ የሚባለው ሰፊ ረግረግ አለ፤ እዚያ ልጅ አይሄድም፤ አለቀ። በሌላው ቦታ ምድሩ ራሱ ይናገራል። ቡናማ ሣርና አስታ ያለበት ይረገጣል። ጥጥ የመሰለ ነጭ አበባ ያለው ሣር የሚወዛወዝበት እርጥብ ነው። ከሁሉም የሚያምረው፣ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ምንጣፍ የተዘረጋ የሚመስለው፣ እርሱ ነው የሚያጠልቀው፤ ሥሩ ውኃ ነው። በዱላ ወጋ አድርጎ ማየት ነው። ፈረሶቹ የሚያልፉበትን መከተልም አይከፋም፤ እነርሱ እዚያው ተወልደው ነው ያደጉት።

ሦስተኛው ጉም። ጠራ ባለ ቀን ተነሥተሽ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የቆምሽበትን ድንጋይ ብቻ ታዪያለሽ። ስልክ አይታመንም፤ በብዙ ሸለቆ ውስጥ ምልክት የለም፤ ባትሪውም በብርድ ቶሎ ይሞታል። ኮምፓስና የወረቀት ካርታ ግዢለት፤ ካርታው የመንግሥቱ ካርታ ድርጅት የሚያትመው ቁጥር 28፣ በ1፡25,000 የተነሣው ነው። አንድ መላ ደግሞ የአካባቢው ሰዎች ያውቁታል፤ የውኃ ቦይ ካገኘህ አትለቀው። በ1790ዎቹ ለፕሊመዝ የጦር መርከብ ሰፈር ውኃ ለማድረስ የተቆፈረ ዴቨንፖርት ሊት የሚባል ቦይ አለ፤ ከዊስትማንስ ዉድ በላይ ከዌስት ዳርት ወንዝ ተነሥቶ ኮረብታዎቹን ቀስ እያለ እየዞረ ዛሬ ቡሬተር ግድብ ላይ ይገባል። ሽቅብ አይወጣም፤ ዳሩም በብዙ ቦታ ይረገጣል። የሚፈስበትን አቅጣጫ ተከትሎ የሄደ ሰው የት እንደሚደርስ ያውቃል።

ዊስትማንስ ዉድን ካነሣሁ፦ ዛፍ የለም ብለሻል፤ እዚያ አለ። ቱ ብሪጅስ ከምትባለው ትንሽ ሰፈር በእግር 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኦክ ናቸው፤ ግን ብርዱና ነፋሱ አጉብጧቸዋል፤ ከትልልቅ ድንጋዮች መሃል ተጣመው ወጥተዋል፤ ግንዱም ድንጋዩም በሽበት (ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ልባስ) እና ፈርን በሚባል ቅጠላም ተክል ተሸፍኗል። ለማየት ሂዱ፤ ውስጥ ግን አትግቡ። ጎብኚ በዝቶ ሽበቱ ከድንጋዩ እየተላጠ ስለሆነ ፓርኩ ዳር ዳሩን ብቻ እንድንሄድ ይለምናል።

ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን እኔ የምመርጠው ፓውደር ሚልስን ነው፤ ፖስትብሪጅ አጠገብ። በ1844 የተቋቋመ የባሩድ ፋብሪካ ፍርስራሽ ነው። ቤቶቹን እይልኝ በለው፦ አንዱ ከሌላው ተራርቆ፣ ግድግዳው በጣም ወፍራም ግራናይት፣ ጣራው ግን ቀላል። ለምን እንደሆነ ራሱ ያስብ። ባሩዱ ቢፈነዳ ኃይሉ ጎረቤቱን ሳያፈርስ ቀላሉን ጣራ ይዞ ወደ ሰማይ እንዲወጣ ነው። ባሩዱ ጠንካራ መሆኑን የሚፈትኑበት አጭሩ መድፍ ዛሬም መንገዱ ዳር ተቀምጧል። ዲናማይት መጣና ፋብሪካው ከመቶ ዓመት በፊት ገና ተዘጋ።

ሌላው ጥቃቅን ነው። በጋ ላይ ፈርኑ ከፍ ሲል መዥገር አለ፤ ማታ ከጉልበቱ ኋላና ከብብቱ ሥር ፈትሺው፤ ካገኘሽ በጠባብ መንቀያ ከቆዳው ሥር ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ንቀዪ፤ ቀጥሎ ክብ ቀይ ምልክት ከወጣ ሐኪም ይየው። የጠፋ ወይም የተጎዳ ካለ 999 ደውለሽ ፖሊስ ትጠይቂያለሽ፤ ከዚያ የተራራ አድን ቡድን በያቸው፤ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጉሙን እንደ ጓዳቸው ያውቁታል። ወደ 999 በጽሑፍ መልእክት መላክም ይቻላል፤ ግን ስልኩ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። register የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ወደ 999 ላኪ፤ ዛሬውኑ።

ደርሶ_መልስ

ጋሼ፣ በመስኮት ያየ ብለው ያሙኝን ሰምቻለሁ። ይሁን። ግን አንድ ነገር አይካዱ፤ ለብቻዋ ለሆነች ሴት ፌብሩዋሪ ይከብዳል። እኔን ያባረረኝ ዝናቡ አልነበረም፤ ከፈረቃ ወጥቼ የማወራው ሰው ማጣት ነው።

ሾፌሩ

አልክድም። ለዚህ ነው ፌብሩዋሪን ሳታይ ኦገስትን አይታ እንዳትፈርም የምፈልገው። ማለዳ፣ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት በኖቬምበር አንድ ቅዳሜና እሑድ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ሆቴሉን የማደሪያ ክፍል ጠይቂ፤ ሠራተኛ ፈላጊ ነውና አይከለክልሽም። አብረውሽ የሚሠሩትን ልጆች አግኚ፤ ከእነርሱ ጋር ሻይ ጠጪ፤ ደርሶ መልስ የጎደለው እርሱ ነው። የሚሰጡሽን ቤት ማታ ሄደሽ እዪው፤ ቀን ላይ ብቻ የሚያሳዩሽ ከሆነ ጠርጥሪ።

ማለዳ (ጠያቂ)

ዛሬ ደወልኩላቸው። ክፍል በነፃ ሰጥተውኛል፤ በኖቬምበር ሁለተኛው ቅዳሜ እንሄዳለን። ስለ ራዶኑ ስጠይቅ ሰውየው ትንሽ ዝም አለና «ተለክቷል፤ ወረቀቱን ፈልጌ እልክልሻለሁ» አለ። የማሞቂያውን ዘይት ግን ግማሹን እኔ እንድከፍል ይፈልጋሉ። ጋሼ፣ ከበርሚንግሃም ስንመጣ በየት በኩል ብንገባ ይሻላል? በሞርተንሃምስቴድ ወይስ በታቪስቶክ?

ሾፌሩ

ከኤክሰተር በሞርተንሃምስቴድ ግቢ፤ አጭሩ እርሱ ነው። መንገዱ እስከዚያ ድረስ በካብና በቁጥቋጦ መሃል ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ከፊት መኪና ሲመጣ ሰፋ ያለ ቦታ እስክታገኚ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚኖር ቀድመሽ ተለማመጂ። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ የተነጠፈ የብረት ርብራብ ታልፊያለሽ፤ ጎማው ሲንኮሻኮሽ ትሰሚዋለሽ፤ ከብት እንዳይሻገር የተሠራ ነው። እርሱን ካለፍሽ አጥር የለም፤ ፍጥነትሽን ቀንሺ። ቀን ሳይመሽ ለመድረስ ከበርሚንግሃም በጠዋት ተነሺ። ነዳጁን ከኤክሰተር ሳትወጪ ሙዪ። ዘይቱን በተመለከተ ግማሹን እሺ በይ፤ ግን ቤቱን በምትረከቢበት ቀን በርሜሉ ሙሉ ይሁን፤ ልኬቱንም ፎቶ አንሺ።